ታግ፦ የአጋዘን አደን ፈቃድ፣ ደንብና የፍትሐዊ አደን ሥነ ምግባር

መግቢያ

በዲፓርትመንታችን ስለ አደን በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን «አደን ማለት ጭፍጨፋ ነው፤ ጥበቃና ጠመንጃ አብረው አይሄዱም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈቃድ እስካለው ድረስ ምን ችግር አለው? እንዲያውም ገንዘብ ያመጣል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ፈቃድ ሲባል ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? እንስሳውን ማን ቆጥሮ ነው የተሰጠው? አዳኙ ጫካ ገብቶ ብቻውን ሲቀር ማን ይቆጣጠረዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ ማብራራት ነው። ምሳሌው የዩናይትድ ስቴትስ የአጋዘን አደን ሥርዓት ነው። የተመረጠበት ምክንያት አገሩ አሜሪካ ስለሆነ አይደለም። አንድን ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ መልሶ በማብዛት፣ ከዚያም መብዛቱ ራሱ ችግር ሲሆን በመቆጣጠር ረጅም ልምድ ያለበት ስለሆነ ነው። በመጨረሻም ነገሩን ወደ አገራችን፣ ወደ ደጋ አጋዘን አምጥተን እናየዋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ፣ አጋዘን የቱ ነው?

እኛ አገር አጋዘን የምንለውና አሜሪካኖች የሚያድኑት እንስሳ አንድ አይደሉም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚኖር የእነሱ ዓይነት አጋዘን የለም። የእኛ አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ ከከብትና ከፍየል ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ልዩነቱ በቀንዱ ይታወቃል። የእኛዎቹ ቀንድ በውስጡ አጥንት፣ በላዩ ልክ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ያለው ሲሆን ዕድሜ ልክ አብሮ ያድጋል እንጂ አይረግፍም። የእነሱ አጋዘን ቀንድ ግን ራሱ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይበቅላል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ክረምታቸው ሲገባ ይረግፋል። የሚያበቅሉትም፣ ከአንድ ሁለት ዝርያ በስተቀር፣ ወንዶቹ ብቻ ናቸው።

ይህ ዝርዝር ለአደን ደንቡ ትልቅ ትርጉም አለው። አዳኙ ከሩቅ ሆኖ ወንዱን ከሴቷ የሚለየው በቀንዱ ነው፤ ታጉም የሚከፋፈለው «ቀንድ ያለው» እና «ቀንድ የሌለው» እየተባለ ነው። በብዛት የሚታደነው ዝርያ በስተምሥራቅና በመካከለኛው አሜሪካ ያለው ባለነጭ ጅራት አጋዘን ሲሆን፣ በምዕራቡ ተራራማ አገር ደግሞ ጆሮው እንደ በቅሎ የረዘመው ሌላው ዝርያ አለ። በሚኒሶታ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባለነጭ ጅራቱን በደንብ ያውቁታል። በኅዳር ወር ምሽት ላይ መኪና ሲነዱ ድንገት መንገድ አቋርጦ የሚገባባቸው እሱ ነው።

ከጥፋት አፋፍ የተመለሰ እንስሳ

ዛሬ በአሜሪካ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ባለነጭ ጅራት አጋዘን እንዳለ ይገመታል። በ1900 ገደማ ግን ግምቱ ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። ለዚህ ያደረሰው ለእራት የሚያድን ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ለገበያ የሚደረግ አደን ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በአንድ ግዛት የተገደለ አጋዘን በሌላ ከተማ ሥጋ ቤት ይሸጥ ጀመር። ቆዳውም ይሸጣል። ወቅት የለ፣ ቁጥር የለ፣ ፈቃድ የለ። ማንም ካልገደለው ሌላው ስለሚገድለው፣ ሁሉም ቶሎ ለመግደል ይሽቀዳደማል። በኮርስ ላይ ስለ ጋራ ሀብት መመናመን የተማርነው ማለት ነው።

ለውጡ በሦስት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ከራሳቸው ከአዳኞች ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከጓደኞቹ ጋር በ1887 ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለውን ክለብ መሠረተ፤ ስለ ፍትሐዊ አደን የምናነሳው ሐሳብ በአብዛኛው የተስፋፋው በዚህ ክለብ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በአንድ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለን የዱር እንስሳ ወደ ሌላ ግዛት ማጓጓዝን ወንጀል አደረገው። ግዛቶቹም የዱር ሥጋ ሽያጭን ከለከሉ። ዛሬም ቢሆን አዳኝ የገደለውን አጋዘን ሥጋ ይበላዋል፣ ለጎረቤት ይሰጠዋል፣ ለድሆች ማብያ ይለግሰዋል እንጂ አይሸጠውም። በምግብ ቤቶች የሚቀርበው የአጋዘን ሥጋ በእርባታ የተገኘ ነው።

ሦስተኛው የባለቤትነት መርህ ነው። በእንግሊዝ አገር የዱር እንስሳ የንጉሡና የባላባቱ ነበር። አሜሪካኖች ይህንን ገለበጡት፦ የዱር እንስሳ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ መንግሥት ለሕዝቡ በአደራ የሚይዘው ነው። አጋዘኑ በአንተ ማሳ ላይ ስለበላ የአንተ አይሆንም። አደራ ከሆነ ደግሞ አደራ ተቀባዩ ስንት እንዳለ ማወቅና ስንት እንደወጣ መመዝገብ አለበት። የታግ መሠረቱ ይኸው ነው።

ፈቃድና ታግ ምንና ምን ናቸው?

ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ፈቃድ ለሰውየው የሚሰጥ ነው፤ «ይህ ሰው በዚህ ዓመት በዚህ ግዛት ማደን ይችላል» ይላል። ታግ ግን ለአንድ እንስሳ የሚሰጥ ነው። መለያ ቁጥር አለው፤ ቀንድ ላለው ነው ወይስ ለሌለው፣ በየትኛው የአደን ቀጣና፣ በየትኛው ወቅት እንደሆነ ይገልጻል። አንድ ታግ ማለት አንድ እንስሳ ማለት ነው። ፈቃድ ያለው ግን ታጉን የተጠቀመ ሰው ሌላ አጋዘን ቢያይ ጠመንጃውን ማውረድ ግዴታው ነው።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። አዳኙ አጋዘኑን ከጣለ በኋላ ከቦታው ሳያንቀሳቅሰው ታጉ ላይ ቀኑንና ወሩን ይቀዳል ወይም ይጽፋል፤ ከዚያም በግዳዩ እግር፣ ጆሮ ወይም ቀንድ ላይ ያስረዋል። «ቤት ደርሼ አስረዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ለምን ቢባል፣ ያልታሰረ ታግ ሁለተኛ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ቀጥሎ በተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን ውስጥ ያስመዘግባል። ድሮ ምዝገባው ግዳዩን በመኪና ጭኖ ወደ ምዝገባ ጣቢያ በመውሰድ ነበር። አሁን ብዙ ግዛቶች በስልክና በኢንተርኔት ያደርጉታል፤ ዊስኮንሲን ለምሳሌ ከ2015 ጀምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ዞራለች። አንዳንዶቹም የወረቀቱን ታግ ትተው በምዝገባ ቁጥር ብቻ መሥራት ጀምረዋል። መልኩ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ ያው ነው፤ እያንዳንዱ የወደቀ እንስሳ መዝገብ ላይ መውጣት አለበት።

የታጉ አሰጣጥም እንደ ቦታው ይለያያል። አጋዘን በበዛበት የምሥራቅ ግዛት ታግ በሱቅ ገዝቶ መሄድ ይቻላል። በምዕራብ፣ እንስሳው አነስተኛ በሆነበት ቀጣና ግን ዕጣ ነው። ዘንድሮ ዕጣ ያልወጣለት አመልካች በብዙ ግዛቶች ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥቡ በየዓመቱ እየተጠራቀመ ቅድሚያ ወይም የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። በጣም ተፈላጊ ለሆነ ቀጣና ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቁ አሉ። ገንዘብ ያለው ዘሎ እንዳይገባ የሚደረግ ጥረት ነው፤ ምንም እንኳ አንዳንድ ግዛቶች ጥቂት ታጎችን በጨረታ መሸጣቸው ራሱን የቻለ ክርክር ቢያስነሳም።

ታጉ ከቁጥጥር ሌላ ሥራም አለው። በምዝገባው ላይ የእንስሳው ፆታ፣ የተገደለበት ቦታና ቀን ይገኛል። ባለሙያዎች ደግሞ ከጥርሱ ዕድሜውን ይገምታሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለሚቀጥለው ዓመት ኮታ መነሻ ይሆናል። በበሽታ ጊዜም ይጠቅማል። በ1967 በኮሎራዶ በምርምር ጣቢያ ውስጥ በነበሩ አጋዘኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ አንጎልን የሚበላ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ። በ2002 ዊስኮንሲን ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያም በብዙ ግዛቶች ተሰራጭቷል። በሽታው የት ቦታ እንደደረሰ የሚታወቀው አዳኞች ከሚያቀርቡት ናሙና ነው፤ ናሙናው ትርጉም የሚኖረው ደግሞ እንስሳው የወደቀበት ቦታ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ሴቷን መግደል ለምን አስፈለገ?

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይደናገራል። «እንስሳውን ለማዳን ከሆነ እናቲቱን መግደል ምን ማለት ነው?» ይላል። መልሱ ሥነ ሕይወታዊ ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ከብዙ ሴቶች ጋር ይራባል። ስለዚህ ከወንዶቹ ግማሹ ቢገደል እንኳ የሚወለደው ግልገል ብዙም አይቀንስም። ሴቷ ደግሞ ምግብ ካገኘች በዓመት ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። የመንጋውን ቁጥር የሚወስነው እንግዲህ የሴቶቹ ቁጥር ነው።

የመብዛት ኃይላቸውን ለማየት የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። በ1928 ሚሺጋን ውስጥ በታጠረ የዩኒቨርሲቲ ጥብቅ ሥፍራ 6 አጋዘኖች፣ ማለትም 2 ወንድና 4 ሴት፣ ተለቀቁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ150 በላይ ሆኑ።

መብዛት ጥሩ ነው የሚል ካለ ወደ ካይባብ አምባ፣ አሪዞና፣ ይሂድ። በ1906 ቦታው የአራዊት ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። አጋዘን ማደን ተከለከለ፤ ተኩላው፣ ኮዮቴውና የተራራ አንበሳው ግን በመንግሥት አዳኞች እየተለቀመ ተገደለ። መጀመሪያ ላይ 4,000 ያህል ነበሩ የሚባሉት አጋዘኖች በሃያ ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመሩ። ከ1924 በኋላ በነበሩት ሁለት ክረምቶች ግን ቅጠሉ አልቆ በሺዎች የሚቆጠሩ በረሃብ አለቁ። ጭራሽ በ1924 መጨረሻ ከብት ነጂዎችና የናቫሆ ተወላጆች ቃጭል እያቃጨሉ አጋዘኖቹን በግራንድ ካንየን ሸለቆ በኩል ወደ ሌላው ማዶ ለመንዳት ሞክረው ነበር። በረዶ ወረደ፣ አጋዘኖቹም በነጂዎቹ መሃል ሾልከው ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ግን በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ከፍተኛው ቁጥር ስንት ነበር በሚለው ላይ በዚያን ጊዜ የነበሩት ግምቶች ከ30,000 እስከ 100,000 ድረስ ይለያያሉ። በ1970 ግሬም ኮሊ የተባለው ተመራማሪ የመማሪያ መጻሕፍቱ የማይመቸውን ቁጥር ትተው የሚመቸውን እንደመረጡ አሳይቷል፤ የበግና የከብት ግጦሽ መቀነስም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ጠቁሟል። ከካይባብ ሁለት ትምህርት እናገኛለን ማለት ነው። አንደኛው፣ ከአቅም በላይ የበዛ መንጋ ራሱንም መሬቱንም ይጎዳል። ሁለተኛው፣ በደንብ ያልተቆጠረ እንስሳ ለየትኛውም ወገን ክርክር መሣሪያ ይሆናል። ይህንን ሁለተኛውን በኋላ ስለምንፈልገው እንያዘው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

የአሜሪካው ሥርዓት የቆመበት አንዱ ምሰሶ በ1937 የወጣው የፒትማን–ሮበርትሰን ሕግ ነው። በጠመንጃና በጥይት ላይ እንደ ዓይነቱ 10 ወይም 11 በመቶ ታክስ ይጣላል። ገንዘቡ ለየግዛቱ የሚከፋፈለው ግማሹ በግዛቱ የቆዳ ስፋት፣ ግማሹ ደግሞ ፈቃድ ባወጡ አዳኞች ብዛት ነው። ግዛቱ ለሚሠራው ፕሮጀክት ከወጪው እስከ 75 በመቶ ከዚህ ይሸፈንለታል፤ ቀሪውን 25 በመቶ ራሱ ያዋጣል።

ትልቁ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታው ነው። አንድ ግዛት ይህንን ገንዘብ ለማግኘት ከአደን ፈቃድ የሰበሰበውን ክፍያ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ ማዋል አለበት። ለመንገድ፣ ለቢሮ ግንባታ፣ ለሌላ ለሌላው ካዛወረ የፌዴራሉን ድርሻ ያጣል። አንድ የነዋሪ የአጋዘን ታግ በአብዛኛው በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነው፤ ውድ አይደለም። ሥርዓቱን የሚሸከመው የጥቂት ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መዋጮ ነው። ድክመትም አለው። የአዳኞች ቁጥር ሲቀንስ ገቢውም አብሮ ይቀንሳል፤ የማይታደኑ ወፎች፣ እንቁራሪቶችና ነፍሳት ደግሞ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሳቸው ትንሽ ነው።

የሜዳው ደንቦች

ደንቦቹ ከግዛት ግዛት ቢለያዩም የሚመሳሰሉባቸው ነጥቦች አሉ፦

ሀ) ወቅት። አደን የሚፈቀደው በአብዛኛው በመጸውና በክረምት መግቢያ ነው፤ ግልገሎቹ ከእናታቸው ተለይተው መኖር በሚችሉበት ጊዜ። ለቀስት፣ በአፈሙዙ ባሩድ ለሚጎርስ የድሮ ዓይነት ጠመንጃና ለዘመናዊ ጠመንጃ የተለያዩ ወቅቶች ይመደባሉ።

ለ) ሰዓት። በብዙ ቦታ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ሌሊት በፓውዛ ዓይኑን አፍዝዞ መግደል በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሐ) ቦታና ደኅንነት። ከመኪና ላይ ሆኖ ወይም የሕዝብ መንገድ አቋርጦ መተኮስ ክልክል ነው። በብዙ ግዛቶች አዳኙ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ አለበት፤ አጋዘን ቀለሙን እንደ እኛ አይለየውም፣ ሌላው አዳኝ ግን ያየዋል።

መ) ሥልጠና። ኒውዮርክ በ1949 የጀመረችው የአዳኞች ሥልጠና ዛሬ በሁሉም ግዛቶች አለ። አብዛኛው አዲስ አዳኝ ሳይሠለጥን ፈቃድ አያገኝም።

ሠ) አለማባከን። ቀንዱን ወስዶ ሥጋውን ጥሎ መሄድ በብዙ ግዛቶች ወንጀል ነው።

ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ መነጠቅም አለ። ከ1989 ጀምሮ በሦስት ግዛቶች በተጀመረና አሁን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ባቀፈ ስምምነት መሠረት፣ በአንዱ ግዛት ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው በሌላውም ማደን አይችልም።

ሕግ ሲያልቅ ሥነ ምግባር ይጀምራል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እጅግ ሰፊ አገር ነው የሚጠብቀው። አዳኙ ሲተኩስ አጠገቡ ማንም የለም። አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ፣ አዳኝ የሚያጨበጭብለትም የሚፈርድበትም ተመልካች እንደሌለው፣ ዳኛው ሕሊናው ብቻ እንደሆነ አስገንዝቧል። ፌር ቼዝ ወይም ፍትሐዊ አደን የሚባለው እዚህ ይገባል።

የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ትርጓሜ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ፍትሐዊ አደን ማለት በነፃነት የሚኖርን የዱር እንስሳ፣ ሕግን በጠበቀና አዳኙን ተገቢ ያልሆነ ብልጫ በማያሰጠው መንገድ መከተልና መግደል ነው። ክለቡ በመዝገቡ ላይ ግዳይ ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ ማደኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በተግባር ሲተረጎም ሦስት ጥያቄዎች ይሆናሉ። እንስሳው ነፃ ነው ወይስ በአጥር ውስጥ ያለ? የማምለጥ ዕድል ነበረው? ከተመታስ ቶሎ ይሞታል ወይስ ቆስሎ ይንከራተታል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የዛሬ ጠመንጃ እጅግ ሩቅ ይመታል። ጥይቱ ግን እስኪደርስ ድረስ አጋዘኑ አንድ እርምጃ ቢራመድ ልቡ ላይ የታለመው ሆዱ ላይ ያርፋል። ደንቡ ርቀት አይወስንም። «አልተኩስም፣ ልቅረብ» የሚያሰኘው ሥነ ምግባር ነው። ያቆሰለ አዳኝ ደግሞ የደም ዱካውን ተከትሎ እስከ መጨረሻው መፈለግ አለበት፤ ቢመሽ፣ ቢበርድም።

ቴክኖሎጂ ይህን ድንበር በየጊዜው ይፈትነዋል። በ2005 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ድረ ገጽ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው በኮምፒውተር ጠመንጃ እያዞሩ በአጥር ውስጥ ያለ እንስሳ እንዲገድሉ አቀረበ። የተቃወሙት የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ብቻ አልነበሩም፤ አዳኞቹ ራሳቸውም ነበሩ። ቴክሳስም ብዙ ግዛቶችም ከለከሉት። በ2014 ኮሎራዶና አላስካ በድሮን እየፈለጉ ማደንን አገዱ። አሪዞና ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለአደን ሲባል ዛፍ ላይ ካሜራ መስቀልን ከልክላለች። ዕለት ዕለት የሥነ ምግባር ጥያቄ የነበረው ነገር ጊዜውን ጠብቆ ሕግ ሲሆን እናያለን። ሁሉም ግን አልተስማማም፤ ምግብ አስቀምጦ አጋዘንን ማማለል በቴክሳስ የተለመደ ሲሆን በሌሎች ግዛቶች ያስቀጣል።

እዚህ ላይ ሁነኛ ተቃውሞ አለ። «ለሚሞተው አጋዘን ፍትሐዊ ሆነ አልሆነ ምን ለውጥ አለው? ይህ የአዳኙን ሕሊና ማባበያ ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ፍትሐዊ አደን ከታጉ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንፍጠር። አንድ ቀጣና ውስጥ ዘንድሮ 300 አጋዘን ብቻ መወሰድ አለበት እንበል። ታግ ከያዙት አዳኞች የሚሳካላቸው 30 በመቶ ከሆኑ 1,000 ታግ መስጠት ይቻላል። ሁሉም ድሮንና ካሜራ ይዘው 60 በመቶው ከተሳካላቸው ግን ታጉ ወደ 500 መውረድ አለበት። ካልወረደ 600 እንስሳ ይወድቃል። ማለትም አዳኙ በራሱ ላይ የሚጥለው ገደብ ለሌላው ሰው ዕድል፣ ለመንጋውም ዋስትና ነው። አደኑ አስቸጋሪ ሆኖ ሲቀጥል ብዙ ሰው ይሳተፋል፤ ብዙ ሰው ሲሳተፍ ለእንስሳው የሚቆረቆረውና የሚከፍለው ይበዛል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በእኛ አገር አደን አዲስ ነገር አይደለም። ግዳይ የጣለ ሰው ሲፎክር፣ ሲሸለም፣ በዘፈን ሲወደስ ኖሯል። ያ ባህል ክብር የሚሰጠው ለአደጋው ነበር፤ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ መግደል ጀግንነት ነው። የራሱ የሆነ የፍትሐዊነት ስሜት ነበረው ማለት ይቻላል። ያልነበረው ቆጠራ ነው።

ዛሬ የሚመለከተን ጉዳይ የደጋ አጋዘን ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አሥር ሳንቲም ላይ ምስሉ ያለው ይኸው እንስሳ ነው። ሳይንስ ያወቀው በ1910 ሲሆን፣ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የባሌ፣ የአርሲና የጨርጨር ከፍታዎች ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል መዝግቦታል። በሌላ በኩል እንደ ሙንሳ ኩኬና ኦዶቡሉ ባሉ የአደን ቀጣናዎች በኮታ ለውጭ አገር አዳኞች ይፈቀዳል፤ ለአንዱ እንስሳ የሚከፈለውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የሕግ ማዕቀፉ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. የተቀመጠ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

ከአሜሪካው ጋር ስናነጻጽር ልዩነቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ። በ30 ሚሊዮን መንጋ ላይ በቆጠራ አንድ ሺህ መሳሳት ምንም አይደለም። የደጋ አጋዘን ጠቅላላ ቁጥር ግን በጥቂት ሺዎች ነው የሚገመተው፤ ተመራማሪዎችም በግምቱ አይስማሙም። የካይባብ ትምህርት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በደንብ ሳይቆጠር የሚሰጥ ፈቃድ ቢበዛ ደረሰኝ ነው እንጂ ታግ አይባልም። ሁለተኛ፣ የሚፈለገው። የውጭ አዳኝ የሚፈልገው ቀንደ ረጅሙን ትልቅ ወንድ ነው። ከላይ እንዳየነው ጥቂት ያረጁ ወንዶችን መውሰድ መንጋውን ላይጎዳ ይችላል፤ በትንሽና በተበጣጠሰ መንጋ ውስጥ ግን ከሚራቡት ወንዶች ደጋግሞ ምርጡን መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ሰው። በአሜሪካ ታጉን የሚገዛው የአካባቢው መካኒክና መምህር ነው። በእኛ አገር ማሳው በአጋዘን የሚበላበት፣ ላሟን ለማሰማራት መሬት ያጣው ገበሬ ከአደኑ ጋር የሚያገናኘው የሚደርሰው ጥቅም ካለ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ቀላል እንዳልሆነ ታሪካችን ያሳያል። በ1991 መንግሥት ሲለወጥና ቁጥጥሩ ሲላላ በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ብዙ የደጋ አጋዘን ተገድሏል። ጥበቃው በዘበኛና በጠመንጃ ብቻ የቆመ ከሆነ፣ ዘበኛው በሄደ ማግስት እንስሳው ባለቤት ያጣል። ፓርኩ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መመዝገቡ የሚያኮራ ቢሆንም እርሻው፣ ግጦሹና ውሻው በመዝገብ አይቆሙም።

ማጠቃለያ

ታግ በራሱ እንስሳ አያድንም። የሚያድነው ከጀርባው ቆጠራ፣ ከፊቱ ምዝገባ፣ በገንዘቡ ላይ ግልጽነት፣ በአዳኙ ውስጥ ደግሞ ገደብ ሲኖር ነው። ስለዚህ በዲፓርትመንታችን ክርክሩ እንደገና ሲነሳ «አደን ይደገፍ ወይስ ይከልከል?» ከማለታችን በፊት አራት ነገሮችን ብንጠይቅ መልካም ነው። ኮታው በምን ቆጠራ ላይ ተመሠረተ? የወደቀው ሁሉ ይመዘገባል ወይ? ገንዘቡ ወደ እንስሳውና ወደ አካባቢው ሰው ይመለሳል ወይ? አደኑስ ፍትሐዊ ነው ወይ? አራቱም መልስ ካገኙ ፈቃዱን መደገፍ ይቻላል። አንዱ ከጎደለ፣ በተለይ የመጀመሪያው ከጎደለ፣ ተቃዋሚው ወገን ትክክል ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪመልሰው የምንጠብቀው አይደለም። የመቁጠር ዘዴ የምንማረው እኛ ነን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ በአንድ ቀጣና ውስጥ ያሉትን የደጋ አጋዘኖች በሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ቆጥሮ ውጤቱን ቢያነጻጽር፣ በሚቀጥለው ዓመት ኮታ ለሚያወጡት ሰዎች ከብዙ ክርክር የበለጠ ይጠቅማቸዋል።